«እኔ ልሙት» ማለት

ሚዛን ከተማ መጀመሪያ ስመጣ ያስደነገጠኝ የመኪናው ብዛትም የሰዉ ግርግርም አልነበረም። ያስደነገጠኝ ሰው ሁሉ ሲሞት መዋሉ ነው። አክስቴ ጎረቤት ቤት ገብታ «በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ስትል ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ብላ ሌላ ጉርሻ ትደግንባታለች። ባጃጅ ነጂው «ቦታ አለ፣ ግቢ» ለማለት እናቱን ይገድላል። ልጆች ኳሷ መስመር አልፋለች አላለፈችም ብለው ሲጣሉ የአባቶቻቸውን ሬሳ ሜዳው ላይ ይደረድራሉ። አፈር ስሆን፣ ይድፋኝ፣ እኔ ልሙት። ማታ ግን አንድም የሞተ የለም፤ ሁሉም በልቶ ይተኛል።

እኔ ያደግሁት ሸኮ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡናና ጎደሬ መሀል። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው የራሳችን ቋንቋ ነበር፤ አማርኛ የትምህርት ቤትና የገበያ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ የሞት ነገር የሚነሳው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ ተነሳ፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ዝም አለ። ስለዚህ ሚዛን ስደርስ አማርኛዬ ትንሽ ነበረች፤ ያቺም ትንሽ አማርኛ ቃሉን እንጂ ጨዋታውን አታውቅም። ሰዎቹ «ልሙት» ሲሉ ፊታቸውን አያለሁ፣ አይሞቱም፣ ግራ ይገባኛል።

ሚዛን ያመጣችኝ የአባቴ እህት ናት። ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «የወንድሜን ልጅ ወስጄ አስተምራታለሁ» አለች፤ ሽማግሌዎቹ መረቋት፤ እናቴ ታናሽ እህቴን ታቅፋ አቀረቀረች። አክስቴ ዋሸች አልልም። ትምህርት ቤት አስገብታኛለች፣ ደብተርና ዩኒፎርም ገዝታልኛለች። ያላለችው ነገር ቢኖር ኮረሪማውን ነው። የኮረሪማ ነጋዴ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ቁጭ ብዬ እፈለፍላለሁ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን እፈለፍላለሁ። ጣቶቼ ምንም ብታጠብ ሽታው አይለቃቸውም ነበር። ሥራው አልከበደኝም፤ አገሬም ብሆን ቡና እለቅም ነበር። የከበደኝ ሌላ ነው።

አንድ ቀን አባቴ ትዝ ብሎኝ ሳለቅስ አገኘችኝ። «ተይ እንጂ፣ ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። «እሱ ጌታ ጋ ነው። ጌታ ጋ ላለ ሰው አይለቀስም፣ ኃጢአት ነው።» ደግ አድርጋ ነው የተናገረችው፣ እጇንም ራሴ ላይ አድርጋ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ለቅሶዬን ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ዓይኔ ቀልቶ ስታየኝ «ኮረሪማው ነው» እላታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ኮረሪማ የነገደች ሴት ናት፣ ኮረሪማ ዓይን እንደማያቃጥል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን «እሺ፣ ታጠቢው» ብላ ታልፋለች።

ትምህርት ቤት ስሜ ጎደሬ ሆነ። ከገጠር የመጣን ልጆች ብዙ ነበርን፣ ስሙ ግን እኔ ላይ ተለጠፈ፤ መጀመሪያ ቀን ምሳ ብዬ ቅቅል ጎደሬ ይዤ ሄጄ ነበርና። አፌን ስከፍት ደግሞ የአነጋገሬን ዜማ ይዘፍኑብኛል። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች። «ልጆች አይደሉ፣ ይጫወታሉ» አለች። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ እየተጫወትኩ ግን አልነበረም።

ከዚያ የቀዩ እስክሪብቶ ነገር መጣ። ከፊቴ የምትቀመጥ ልጅ እስክሪብቶዋ ጠፋ፤ ከኋላዋ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ቦርሳዬን ገለበጡት፣ አላገኙም። አለማግኘታቸው ግን አልጠቀመኝም። «ካልወሰድሽ ማይ!» አሉኝ። መማል አላውቅም። «አባቴ ይሙት በይ» አለችኝ ባለ እስክሪብቶዋ።

«አባቴ ሞቷል» አልኳት።

እርስ በርስ ተያዩ። ያዘኑልኝ መስሎኝ ነበር። የሞተ አባት ለመሐላ አይሆንም፣ እሱ ነው ያሳሰባቸው። «እንግዲያው እናቴ ትሙት በይ» አለች አንዷ። ሸኮ ያለችውን እናቴን አሰብኳት፣ ጀርባዋ ላይ እህቴን አዝላ ስትኮተኩት። ለእኔ ጨዋታ አልነበረም። ቃሉን ካልኩት የሚደርስባት መሰለኝ። እንቢ አልኩ።

«ሌባ ናት! ሌባ ባትሆን ትምል ነበር!»

ያኔ ነው መጀመሪያ ያልኩት። «እኔ ልሙት» አልኩ። ሌላ የምሰጠው ሰው ስላልነበረኝ ነው።

አላመኑኝም። በራስ መማል ቀላል ነው፣ ሁሉም ይለዋል። እስክሪብቶው ኋላ የተገኘ መሰለኝ፤ ስለ መገኘቱ ግን ማንም ምንም አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። መጀመሪያ እንደ እነሱ ለመምሰል እለው ነበር። ቀስ እያለ ግን ውስጡ ትርጉም እየገባበት መጣ። ጠዋት ስነቃ ቀኑ ገና ሳይጀምር ደክሞኝ እነቃለሁ። የምፈልገው ነገር ምን እንደሆነ ሳስብ አንድም ነገር አጣለሁ፤ ወደ እናቴ መመለስ እንኳ፣ ለቅሶው ላይ የተመረቀውን ነገር ማፍረስ ስለሚሆን፣ ከምኞቴ አወጣሁት። የቀረው አለመኖር ብቻ ነበር። ልጅ ሆኜ አለመኖርን ተመኘሁ፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም እናደዳለሁ፣ በራሴ አይደለም፣ በዙሪያዬ በነበረው ሰው ሁሉ ነው የምናደደው። ምክንያቱም ደብቄ አላውቅም። እናገር ነበር። በየቀኑ፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ «እኔ ልሙት» እል ነበር። አክስቴ «እኔ ልሙት» ስላት «እሺ አመንኩሽ» ትለኛለች።

ሌላውም ሁሉ እንዲሁ ነበር። መጫወት ተውኩ፤ ጭምት ሆነች አሉ። ምግብ ተውኩ፤ ሆዳም አይደለችም አሉ። የፀጉር ማስያዣዬንና ማስመሪያዬን ለልጆች ሰጠሁ፤ ለጋስ ናት አሉ። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሰጠች፤ የሙት ልጅ አምጥቼ ነበር፣ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ ጌታ ይመስገን አሁን ተረጋግታለች አለች። ምእመናኑ «አሜን» አሉ። እኔም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ የተመሰገንኩበት ወቅት የለም።

ዘንድሮ እዚያው ሚዛን፣ ታናሽ እህቴ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠራሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እህቴን እኔ ጋ አድርጌ የማሳድጋት እኔ ስለሆንኩ ወላጅ ማለት እኔ ነኝ። ከጤና ቢሮ የመጡ አንዲት ባለሙያ በፕሮጀክተር ጽሑፍ እያሳዩ ስለ ሕፃናትና ስለ ራስ ማጥፋት ሐሳብ አስረዱ። «አጋላጭ ሁኔታዎች» ይላሉ። ወላጅ ማጣት፣ ከቤተሰብ ተለይቶ ማደግ፣ በእኩዮች መገለል፣ ሐዘንን መግለጽ አለመቻል፣ የሥራ ጫና። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። የራሴን ልጅነት አንድ ሰው በቢሮ አማርኛ ሲያነብልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ጥሩ ባለሙያ ነበሩ። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከተናገረ በቀጥታ ጠይቁት፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ አሉ። ከኋላ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ይቅርታ፣ ልጅ ምን አሳብ አለበት? በልቶ ይተኛል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያዋም ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ። እኔ አልሳቅሁም። የማጂዋን ልጅ እያሰብኩ ነበር።

የማጂዋ ልጅ ያኔ ክፍላችን የመጣችው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። አጎቷ በሥራ ወደ ሚዛን ተቀይሮ ከማጂ ይዟት መጣ። ስሟን የሚጠራ አልነበረም፣ «የማጂዋ» ነበር የምትባለው፣ ባዶ የነበረው ቦታ ደግሞ እኔ አጠገብ ነው። በአማርኛ እኔ ከእሷ ጋር ስነጻጸር ሊቅ ነበርኩ። ወንድና ሴት አትለይም፤ ለአስተማሪ «አንቺ»፣ ለእኔ «አንተ» ትላለች። ክፍሉ አዲስ መጫወቻ አገኘ፣ እኔ ትንሽ አረፍኩ። የእሷ ቋንቋ ሌላ፣ የእኔ ሌላ፤ በሁለታችን መሀል ያለችው ያቺው የተሰባበረች አማርኛ ብቻ ናት።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ዝናብ ስለነበር ክፍል ቀረን። ለምን አልበላሽም ብላ ስትነዘንዘኝ እንደ ልማዴ፣ ለመገላገል፣ «ተይኝ፣ እኔ ልሙት» አልኳት።

እጇን ከምሳዋ ላይ አነሳች። አየችኝ።

«አንተ ለምን ትሞታለህ?» አለችኝ።

ለማረም አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ማለት እኮ ለመሐላ ነው፣ ለልመና ነው ልላት። አልወጣልኝም። ከመጣሁ ጀምሮ ያንን ቃል ስለው የጠየቀኝ የለም። ያልኩትን እንዳልኩት የሰማኝ የለም። እንባዬ መጣ፣ ደግሞ ኮረሪማ የለም። በወንድ አንቀጽ እየጠራችኝ ደጋግማ ትጠይቀኛለች፤ «ለምን? ማነው መታህ? ታመምክ?» እኔ ደግሞ በማይበቃኝ አማርኛ የቻልኩትን ያህል ነገርኳት። ስለ አባቴ፣ ስለ ጓሮው። አለመኖር እንደምፈልግም ነገርኳት። ምክር አልሰጠችኝም፣ ቃሉም አልነበራትም። ደወል ሲደወል እጄን እንደያዘች ቀረች።

እንግዲህ ይህች ልጅ ነገሩን ልትተወው አልቻለችም። ትምህርት ሲያልቅ ተከትላኝ ቤት መጣች፤ የአክስቴ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ሰላም እንኳ ሳትል «ይቺ ልጅ ይሞታል» አለቻት።

አክስቴ የያዘችውን ወንፊት ጣለችው። «ምን አልሽ አንቺ? ሟርተኛ! በቤቴ ላይ ታሟርቻለሽ? ውጪ ከዚህ!»

«ሞት ይፈልጋል ነው እኮ...»

«በኢየሱስ ስም! አፍሽን ያዥ!» ብላ በሩን ዘጋችባት። ለእኔ ደግሞ ከእሷ ጋር እንዳልሄድ ነገረችኝ። ማታ ሟርቱን ለማፍረስ ረጅም ጸሎት ተጸለየ። ምን ነካሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ክፉው ነገር የመጣው ከማጂ ስለነበር እኔን መጠየቅ አላስፈለገም።

በማግስቱ ልጅቷ ለአማርኛ አስተማሪያችን ነገረቻቸው። እሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፣ እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ቀልድ ያውቃሉ፣ ተማሪ አይመቱም፣ ሁላችንም እንወዳቸዋለን። ክፍለ ጊዜያቸው ሲደርስ ሰሌዳው ላይ «ፈሊጣዊ አነጋገር» ብለው በትልቁ ጻፉ፣ ከሥሩም «እኔ ልሙት» ብለው ጻፉ። የማጂዋን ልጅ አስነሷት።

«ቅድም ምን አልሽኝ? ለክፍሉ ንገሪ።»

«አንቺን የነገርኩት...» ብላ ስትጀምር ክፍሉ አውካካ። አስተማሪውን በሴት መጥራቷ ነው። እሷ ግን አላቆመችም። ወደ እኔ እያመለከተች «እሱ ልሙት ይላል። ይሞታል። እውነት ነው» አለች።

አስተማሪው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠራረጉ ማስረዳት ጀመሩ፤ ቋንቋ ቃል በቃል ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል፣ «እኔ ልሙት» ማለት «እውነቴን ነው፣ እመኑኝ» ማለት ነው፣ የሚሞት ሰው የለም። ማስረዳታቸው ጥሩ ነበር፤ ማንም ሰው የተረዳው ይመስለኛል። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። በፍቅር ነው የጠሩኝ፣ «ጎደሬ! ልትሞቺ ነው እንዴ?» አሉ።

ያ ሁሉ ልጅ ዞሮ ያየኛል። የማጂዋ ልጅ እንደቆመች ታየኛለች፤ አዎ በላቸው የምትል ትመስላለች።

«ኧረ አይደለም ቲቸር» አልኩ። «እኔ ልሙት!»

የሳቁ ጩኸት ጣራውን ሊያነሳው ምንም አልቀረውም። «አያችሁ?» አሉ አስተማሪው በደስታ። «በትክክል ተጠቀመችበት!»

የማጂዋ ልጅ ተቀመጠች። ተቀየመችኝ ብዬ ነበር። እሷ ግን ሰሌዳውን እያየች፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ «ቲቸር አልገባትም» አለች።

እናቴ ስልክ አልነበራትም። ይህን ለማጂዋ ልጅ ነግሬያት ነበር፤ የሸኮ መኪና ከየት እንደሚነሳም እንዲሁ በወሬ መሀል ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ መናኸሪያ ሄዳ ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ሸኮ? ሸኮ?» እያለች ስትጠይቅ መዋሏን የሰማሁት በኋላ ነው። አንዲት ማር ሸጣ የምትመለስ ሴት የአባቴን ስም ስትሰማ አወቀች። ልጅቷ በእሷ በኩል የላከችው መልእክት ሲሻገር ተቀየረ፤ እናቴ ጋ ሲደርስ «ልጅሽ በጠና ታማለች» ሆኖ ነበር። ያም ይሁን። እናቴ እህቴን አዝላ፣ ቡና የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥታ፣ ለሆድ ሕመም የሚሆን ሥር በነጠላዋ ቋጥራ መጣች።

ጓሮ ነበርኩ። አጠገቤ ተቀምጣ በቋንቋችን የት ላይ እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ። ሆዴን ነካች፣ ግንባሬን ነካች። በእኛ ቋንቋ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ለቀልድ የሚሞት ሰው የለም። ካልኩት አልኩት ነው። ፈራሁ። ቢሆንም አልኩት።

እናቴ ፈልፍዬ የጨረስኩትን ኮረሪማ በእጇ እያገላበጠች ብዙ ቆየች። አልጮኸችም። አልጸለየችም። «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ።

በዚያው ቀን ይዛኝ ሄደች። አክስቴ «ምን አጎደልኩባት? ሰው ምን ይለኛል?» እያለች እስከ መንገዱ ተከተለችን፤ እናቴ እጄን ይዛ መንገዷን ቀጠለች፤ ዛሬም ድረስ ሁለቱ አይነጋገሩም። ቤት ስንደርስ እናቴ ከዓይኗ አላርቅ አለችኝ። ቡና ለቀማ አብረን፣ ውሃ አብረን፤ ሽንት ቤት ስገባ እንኳ ደጁ ላይ ቆማ እህቴን እያጫወተች ትጠብቀኛለች፣ እስኪያናድደኝ ድረስ። ስለ አባቴ ታወራኛለች፤ እሱ ስንፍና እንደነበረበት፣ ሲዘፍን ድምፁ እንደሚያስጠላ። አብረን ሳቅን፣ አብረን አለቀስን። ሐሳቡ ወዲያው አልለቀቀኝም። እየራቀ እየቀረበ ብዙ ከረመ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ሲመጣ የምነግረው ሰው ነበረኝ።

ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሚዛን ተመለስኩ፤ እናቴም አብራኝ መጥታ አንድ ክፍል ተከራየን። የማጂዋ ልጅ ስታየኝ ከወንበሯ ተነስታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። «አልሞትክም» አለች። አልሞትኩም አልኳት።

አስተማሪው የአማርኛውን ፈተና አርመው ሲመልሱ የእኔ ጥሩ ነበር፣ የእሷ ቀይ በቀይ ነበር። ያን ዓመት ወደቀች። አጎቷም ለዚህ ለዚህ ምን አደከመኝ ብሎ ወደ ማጂ መለሳት፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም፣ ደኅና ትሁን አትሁን ዛሬም አላውቅም። ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን አድርገን ያየናቸው ግን ትዝ ይለኛል። «እኔ ልሙት» ማለት ምን ማለት ነው የሚል ጥያቄ ነበረበት። እኔ «እውነቴን ነው ማለት ነው» ብዬ ጽፌ ራይት አግኝቻለሁ። እሷ የተማረችውን ረስታው አልነበረም፤ አስተማሪው ያሉትን ቃል በቃል በቃሏ ልትወጣው ትችል ነበር። በዚያች በተንጋደደች ጽሕፈቷ «ሰውየው መሞት ፈልጎ ነው፣ ለምን ብለህ ጠይቀው» ብላ ጽፋለች። ከጎኑ ትልቅ ኤክስ አለበት።